ከቅጥር ውስጥ የታየች ቻይና፤ ስለ «የፔኪንግ ሽርሽር» መጽሐፍና ስለ ዘመኑ ታሪክ

የመንግሥታት ታሪክ በውልና በደብዳቤ ተጽፎ ይቀመጣል፤ የሰዎች ኑሮ ግን በመዝገብ ቤት ተሟልቶ አይገኝም። ሁለት መንግሥታት የተስማሙበትን ቃል ለማወቅ የፈለገ ሰው የውሉን ወረቀት ገልጦ ያነባል፤ በዚያ ውል ጥላ ሥር የኖሩት ሰዎች ጧት ሲነሡ ምን ያዩ እንደ ነበር፥ ማንን ሰላም ብለው ማንን ዝም ብለው ያልፉ እንደ ነበር ግን ውሉ አይነግረውም። ይህን የሚነግረን አንዳንድ ጊዜ የግል ደብዳቤ፥ አንዳንድ ጊዜም ልብ ወለድ ታሪክ ነው። ስለዚህ ልብ ወለድ መጽሐፍን የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አድርጎ የሚቈጥር አንባቢ ከታሪክ ምንጮች አንዱን በገዛ እጁ ይዘጋል።

ለዚህ አባባል ማስረጃ ይሆን ዘንድ ለአንባብያን የምናቀርበው «ፔኪንግ ፒክኒክ» የተባለውን፥ በአማርኛ «የፔኪንግ ሽርሽር» ልንለው የምንችለውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1932 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። አን ብሪጅ በሚል የብዕር ስም የጻፉት ወይዘሮ ከዚያ በፊት ልብ ወለድ መጽሐፍ አሳትመው አያውቁም ነበር። ድርሰቱ የመጀመሪያቸው ይሁን እንጂ በአሜሪካ አገር የታወቀው «አትላንቲክ መንዝሊ» መጽሔት በዚያው ዓመት የ10,000 ዶላር ሽልማት ሰጠው። ዛሬ መጽሐፉን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። ይሁን እንጂ በቻይና ይኖሩ ስለ ነበሩት የውጭ አገር ሰዎች ሕይወት ይህን ያህል በቅርብ የሚያስረዳ መጽሐፍ በቀላሉ አይገኝም፤ በተለይም በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ሰው ቢያነበው ብዙ ይጠቀምበታል።

የታሪኩ ባለቤት ሎራ ለሮይ ትባላለች። በፔኪንግ ከተማ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን የሚሠራ ሹም ባለቤት ናት። ልጆቿ ለትምህርት በእንግሊዝ አገር ስለ ቀሩ ልቧ በሁለት አገር ተከፍሎ ይኖራል፤ ዓይኗ የፔኪንግን ቅጥርና የምዕራቡን ተራሮች እያየ፥ ሐሳቧ የእንግሊዝን ለምለም መስክና የልጆቿን ድምፅ ይከተላል። ከባልንጀሮቿ ብዙዎቹ የማያውቁትን የቻይና ቋንቋ ግን እርስዋ ተምራ ትናገራለች። ከዕለታት አንድ ቀን የሌጋሲዮን ሰዎች ከካምብሪጅ የመጣ አንድ ፕሮፌሰርና ሌሎች እንግዶች ጨምረው፥ ስንቅና አሽከር አስከትለው፥ በምዕራቡ ተራሮች ወደሚገኘው ወደ ታላቁ የጂየታይ ገዳም ለሽርሽር ይወጣሉ። የጦር አበጋዞች እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት ጊዜ ነበርና ደስታው ወደ ፍርሃት ይለወጣል፤ ተጓዦቹም በሽፍቶች እጅ ይወድቃሉ። የነገሩን ፍጻሜ ለአንባቢ እንተዋለን። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እነዚህ የተማሩና ጨዋ የሆኑ ሰዎች በዙሪያቸው የሚደረገውን ነገር ሽፍታ እስኪይዛቸው ድረስ ከሩቅ እንደሚታይ ጢስ አድርገው ሊመለከቱት የቻሉት በምን ምክንያት ነው?

መልሱን ለማግኘት የሌጋሲዮኖች ሰፈር እንዴት እንደ ተመሠረተ ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ የተጀመረው በኦፒየም ንግድ ምክንያት በ1839 በተነሣው ጦርነት ነው። ቻይና በዚህ ጦርነት ተሸንፋ በ1842 በናንኪንግ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋለችው ውል ሆንግ ኮንግን ለቀቀች፤ ካንቶንን፥ አሞይን፥ ፉቻውን፥ ኒንግፖንና ሻንጋይን ለውጭ ንግድ ከፈተች። በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ከእንግሊዝ፥ ከአሜሪካና ከፈረንሳይ ጋር በተደረጉት ተጨማሪ ውሎች ደግሞ ከግዛት መጥፋት ይልቅ ለረጅም ጊዜ ያሳመመ ነገር መጣ፤ ይኸውም በቻይና ምድር የሚኖር የእነዚህ አገሮች ሰው ወንጀል ቢሠራ በቻይና ዳኛ ፊት እንዳይቀርብ፥ የሚዳኘውም የገዛ አገሩ ቆንስል እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ በኋላ አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ በሻንጋይ መንገድ ላይ ሲሄድ አካሉ በቻይና፥ ሕጉ ግን በለንደን ነበር ማለት ይቻላል።

በ1858 እና በ1860 የተደረጉት ውሎች የውጭ መንግሥታት መልክተኞች በዋና ከተማዪቱ በፔኪንግ እንዲቀመጡ አስገደዱ። በ1861 እንግሊዞች ቀድሞ የመሳፍንት ቤት የነበረውን ግቢ ተከራይተው ገቡ፤ ሌሎቹም በአካባቢው ሠፈሩ። በዚያን ጊዜ ግን ሰፈሩ ገና ቅጥር አልነበረውም፤ የቻይና ሰዎችም በመካከላቸው ይኖሩ ነበር። ነገሩን የለወጠው የ1900 ዓመት ነው። በአውሮፓውያን የበላይነት ተቈጥተው የተነሡት፥ የውጭ አገር ሰዎች ቦክሰሮች ብለው የጠሯቸው ዐመፀኞች ወደ ፔኪንግ ገቡ፤ የንጉሠ ነገሥቱም መንግሥት ከእነርሱ ጋር ወገነ። ከሰኔ 20 እስከ ነሐሴ 14 ድረስ ሌጋሲዮኖቹ 55 ቀን ተከበቡ። የ8 መንግሥታት ጦር ከተማዪቱን ሰብሮ ገብቶ የተከበቡትን አወጣ፤ ከዚያም ከተማዪቱ ተዘረፈች።

በመስከረም 1901 የተፈረመው የሰላም ውል ቻይናን 450 ሚሊዮን ታኤል ብር ካሣ አስከፈላት። ክፍያው በመቶ 4 ወለድ ተጨምሮበት በ39 ዓመት እንዲያልቅ ስለ ተወሰነ ጠቅላላው ዕዳ ከዋናው ገንዘብ እጥፍ በላይ ይሆን ነበር። ለእኛ ጉዳይ ግን የሚበልጠው በውሉ ውስጥ ያለው ሌላው ቃል ነው፤ የሌጋሲዮኖች ሰፈር ለውጭ አገር ሰዎች ብቻ የተለየ ይሁን፥ ቻይናዊም በውስጡ የመኖር መብት አይኑረው፥ እያንዳንዱ መንግሥት በዚያ የራሱን ወታደር ያቁም ይላል። በሰፈሩ ዙሪያ ግንብ ተሠራ፤ ከግንቡም ውጭ ተኳሽ እንዳይሸሸግበት ባዶ ሜዳ ተተወ። ከከተማዪቱ ታላቅ ቅጥር የደቡቡ ከፊል ክፍል እንኳ በውጭ አገር ወታደሮች ይጠበቅ ጀመር። በዚህ ዓይነት በአንድ መንግሥት ዋና ከተማ መካከል የዚያ መንግሥት ሕግ የማይሠራበት ሌላ ከተማ ተተከለ።

ይህ ዓይነቱ የዳኝነት መብት ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ ከፈረንሳይ መልክተኛ ከክሎቡኮውስኪ ጋር የተዋዋሉት ውል፥ የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪስማማ ድረስ፥ የፈረንሳይ ዜጎች እርስ በርሳቸው ያላቸውን ክርክር በቆንስላቸው ዳኝነት እንዲጨርሱ ይፈቅድ ነበር፤ ሌሎችም መንግሥታት በዚሁ መብት ተጠቅመዋል። ይሁን እንጂ በዐድዋ ድል ያደረገች አገር በድርድር የፈቀደችውና የቻይና መንግሥት መድፍ ተደቅኖበት የፈረመው ውል አንድ አይደሉም። እንዲያም ሆኖ፥ በገዛ አገሩ በእንግዳ ላይ መፍረድ የማይችል ዳኛ ምን እንደሚሰማው ለመገመት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

በቅጥሩ ውስጥ የነበረው ኑሮ ምቹ ነበር። ሌጋሲዮኖች፥ ባንኮች፥ የወታደር ሰፈሮች፥ ሆስፒታልና ቤተ ክርስቲያን በጥቂት መንገዶች ላይ ተሰብስበው ይገኙ ነበር። አንድ የሌጋሲዮን ጸሐፊ በአገሩ ሊያገኘው የማይችለውን ብዛት ያለውን አሽከር በአነስተኛ ገንዘብ ያሳድር ነበር። የፈረስ እሽቅድምድምና የፖሎ ጨዋታ ነበር፤ በበጋ ሙቀት ጊዜ ግማሹ ወደ ባሕር ዳርቻ ወደ ፔይታይሆ ይወርድ፥ ግማሹም በምዕራቡ ተራሮች ከሚገኙት ገዳማት ክፍል ተከራይቶ ይከርም ነበር። ሎራ ለሮይና ባልንጀሮቿ የወጡበት የጂየታይ ገዳም እንደ ቻይናውያን ትውፊት በ622 የተመሠረተ ነው፤ ስሙም መነኮሳት ማዕርግ የሚቀበሉበትን መድረክ ያመለክታል፤ በጥንታውያን ጥዶቹም እስከ ዛሬ ይታወቃል። ከሺህ ዓመት በላይ ጸሎት የተደረገበት ስፍራ ለሌጋሲዮን ሰዎች የምሳ መብያ ሆነ። ደራሲቱ ይህን በነቀፋ አይናገሩም፤ እንዲያውም የገዳሙን ውበት በታላቅ ፍቅር ይገልጻሉ። ነገር ግን ውበትን ማየትና የውበቱን ባለቤት ማየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከቅጥሩ ውጭ በዚያው ጊዜ ምን ይደረግ ነበር? በ1911 በተነሣው አብዮት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወደቀ፤ በ1912 ሪፐብሊክ ታወጀ። ከ1916 ጀምሮ ግን አገሪቱ በጦር አበጋዞች ተከፋፈለች፤ ፔኪንግም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ትተላለፍ ነበር። ከዙፋኑ የወረደው ወጣት ንጉሥ ፑዪ በ1924 በአንድ ጄኔራል ትእዛዝ ከቤተ መንግሥቱ ተባርሮ የተጠጋው በዚሁ ቅጥር ውስጥ በነበረው በጃፓን ሌጋሲዮን ነው። ደመወዝ ያልተከፈለው ወታደር ሽፍታ፥ ምሕረት ያገኘው ሽፍታም ወታደር ይሆን ነበር። በግንቦት 1923 በሻንቱንግ ክፍለ ሀገር ሊንቼንግ አጠገብ ሽፍቶች ባቡር አስቁመው መንገደኞቹን ማርከው ወደ ተራራ ወሰዱ፤ ከተማረኩትም መካከል ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የውጭ አገር ሰዎቹ እስከ ሰኔ ድረስ ተለቀቁ፤ የሽፍቶቹም አለቃ በመንግሥት ጦር ውስጥ ማዕርግ ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ተገደለ። እንግዲህ አን ብሪጅ በመጽሐፋቸው የተረኩት የሽፍቶች ነገር ለአንባቢ ማጓጊያ ብቻ የተፈጠረ አይደለም።

ቅጥሩ ለሁሉ እኩል መጠጊያ አልነበረም። በሚያዝያ 1927 የፔኪንግ ገዥ የነበረው የጦር አበጋዝ ዣንግ ዙዎሊን ወታደሮቹን ወደ ሌጋሲዮኖች ሰፈር ላከ። በሶቪየት ኤምባሲ ግቢ የተጠጉትን የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ የመጻሕፍት ቤት ኀላፊ የነበሩትን ሊ ዳዣውንና ባልንጀሮቻቸውን ይዘው ሄዱ፤ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ በስቅላት ተገደሉ። ወታደሮቹ የገቡት የቀሩት ዲፕሎማቶች አውቀውና ፈቅደው ነው። ለተባረረ ንጉሥ የተከፈተው በር ለመምህሩ መጠጊያ አልሆነም።

አሁን ወደ ደራሲቱ እንመለስ። አን ብሪጅ የተባሉት ወይዘሮ ሜሪ ኦማሊ በ1889 የተወለዱ፥ በፔኪንግ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን የሠሩት የሚስተር ኦዌን ኦማሊ ባለቤት ናቸው። በ1920ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ከባለቤታቸው ጋር በፔኪንግ ኖረዋል። በታሪክ ዘንድ ሚስተር ኦማሊ የሚታወቁት በአንድ ታላቅ ጉዳይ ነው። በጥር 1927 የሃንኮው ከተማ ሕዝብ ከ1861 ጀምሮ በእንግሊዞች እጅ ወደ ነበረው ሰፈር ጐርፎ ገባ። ሚስተር ኦማሊ ተልከው ከብሔራዊው መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከዩጂን ቼን ጋር ተነጋገሩ፤ በየካቲት 19 ቀን 1927 በተፈረመው ስምምነትም እንግሊዝ የሃንኮውን ሰፈር ለቻይና መለሰች። ዩጂን ቼን በትሪኒዳድ ደሴት ተወልደው በእንግሊዝ ሕግ የሠለጠኑ ሰው ስለ ነበሩ፥ እንግሊዞቹ በዚያ ቀን የተሸነፉት በገዛ ቋንቋቸውና በገዛ ሕጋቸው ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በተከታዩ ዓመት በ1928 በለንደን በውጭ አገር ገንዘብ ንግድ ምክንያት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሹሞች ላይ ምርመራ ተደረገ፤ ሚስተር ኦማሊም ከሥራቸው እንዲለቁ ከተደረገ በኋላ መልሰው ተቀጠሩ። የደራሲቱ ብዕር የተነሣው ቤታቸው እንዲህ ባለ ችግር ላይ በነበረበት ዘመን ነው። የሹም ሚስት በስሟ መጽሐፍ ማሳተሟ በሚኒስቴሩ ዘንድ የማይወደድ ስለ ነበረ የራሳቸውን ስም ሰወሩ። ይህን የምናነሣው የሰው ገመና ለመግለጥ ሳይሆን፥ መጽሐፉ ከምን ዓይነት ቤት እንደ ወጣ አንባቢ እንዲያውቅ ነው። ባል የአንድ ዘመን መጨረሻ የሆነውን ውል ፈረሙ፤ ሚስት የዚያን ዘመን ኑሮ ጽፈው አቈዩ። የባል ውል ሰፈሩ ለማን እንደ ተመለሰ ይነግረናል፤ የሚስት መጽሐፍ ደግሞ በእንዲህ ያለ ሰፈር የኖሩት ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች እንደ ነበሩ ያሳየናል። ታሪክ ጸሐፊ ሁለቱንም ይፈልጋል።

መጽሐፉ የሚመሰገንበት ብዙ ነው። የሰፈሩን ጨዋታ፥ ሐሜትና ብቸኝነት ከውስጡ በኖረ ሰው ዓይን ይገልጻል። በተለይም ሎራን ቋንቋ የምታውቅ ሰው በማድረጋቸው ደራሲቱ አንድ ጥልቅ ነገር አሳይተዋል። በአደጋ ጊዜ ሌሎቹን ገንዘባቸውና ዜግነታቸው አይጠቅማቸውም፤ የሚጠቅመው ከባለ አገሩ ጋር መነጋገር መቻል ነው። ቅጥር የሚጠብቀው በውስጡ እስካሉ ድረስ ነው፤ ከበሩ ከወጡ በኋላ ግን ጋሻ የሚሆነው አንደበት ነው።

ነገር ግን ምስጋናው ጉድለቱን እንዳንናገር ሊከለክለን አይገባም። የመጽሐፉ ዋና ሰዎች ሁሉ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ቻይናውያን የሚገቡበት እንደ አሽከር፥ እንደ መነኵሴ፥ እንደ ወታደርና እንደ ሽፍታ እየሆኑ፥ በሌሎች ሰዎች ታሪክ ዳርና ዳር ነው። በዚያን ጊዜ የፔኪንግ ተማሪዎችና መምህራን ስለ አገራቸው ክብር በየአደባባዩ ይሰለፉ ነበር፤ በግንቦት 30 ቀን 1925 በሻንጋይ በውጭ አገር ሰዎች የሚታዘዘው ፖሊስ በሰልፈኞች ላይ ከተኰሰ በኋላ አገሩ ሁሉ ተናውጦ ነበር። ይህ ሁሉ ከሽርሽሩ ጀርባ እንደ ሩቅ ነጐድጓድ ነው። እንግዲህ ቋንቋ የምታውቀው ሎራ እንኳ ከቅጥሩ በአካል ወጣች እንጂ በሐሳብ ፈጽማ አልወጣችም።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፥ የጐደለውን ለመሙላት የፔኪንግን ተወላጅ መጠየቅ ያሻል። እርሱም ላው ሼ በሚል የብዕር ስም የታወቁት ደራሲ ናቸው። ላው ሼ በ1899 ከማንቹ ወገን በፔኪንግ ተወለዱ። አባታቸው የቤተ መንግሥት ዘብ ነበሩና በ1900 የ8 መንግሥታት ጦር ከተማዪቱን ሲሰብር ተዋግተው ሞቱ። እናታቸው የሰው ልብስ እያጠቡና እየሰፉ አሳደጓቸው። በሌጋሲዮኖቹ ሰፈር የ55ቱ ቀን ከበባ የጀግንነትና የመዳን ታሪክ ሆኖ ሲተረክ፥ ከቅጥሩ ጥቂት መንገድ ርቆ በአንድ ድኻ ቤት ያው ቀን የአባት ሙት ዓመት ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ወይዘሮ ኦማሊ በፔኪንግ ሲኖሩ ላው ሼ በለንደን ይኖሩ ነበር። ከ1924 እስከ 1929 በምሥራቃውያን ጥናት ትምህርት ቤት ቻይንኛ እያስተማሩ፥ የመጀመሪያ ልብ ወለድ መጽሐፋቸውን ያዘጋጁት በዚያው በሰው አገር ነው። በ1929 የወጣው «ሁለቱ ማዎች» የተባለው ድርሰታቸው አንድ ቻይናዊ አባትና ልጁ በለንደን የጥንት ዕቃ ሱቅ ወርሰው ሲኖሩ የደረሰባቸውን ንቀትና ብቸኝነት ይተርካል። ሎራ በፔኪንግ እንግዳ ናት፤ ማዎች በለንደን እንግዶች ናቸው። ነገር ግን የእርስዋን እንግድነት ውልና ወታደር ይጠብቀዋል፤ የእነርሱን እንግድነት የሚጠብቅ ምንም የለም። ሁለቱን መጻሕፍት አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው ልዩ የዳኝነት መብት የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ከማንኛውም የሕግ መጽሐፍ ይልቅ ይረዳዋል። ላው ሼ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1936 እና በ1937 የጻፉት ስለ ፔኪንግ የሪክሾ ጐታች የሚናገረው መጽሐፍ ደግሞ፥ የሌጋሲዮን ሰዎች ጀርባውን ብቻ ሲያዩት የኖሩትን ሰው ፊቱን አዙሮ ያሳየናል።

የቅጥሩ ዘመን ብዙ አልቈየም። በ1928 ብሔራዊው መንግሥት ዋና ከተማውን ወደ ናንኪንግ አዛወረ፤ ሌጋሲዮኖቹ ግን የለመዱትን ሰፈር ትተው ለመሄድ ዘገዩ። በጥር 11 ቀን 1943 እንግሊዝና አሜሪካ በቻይና የነበራቸውን ልዩ የዳኝነት መብት በውል ተዉ፤ ከናንኪንግ ውል ጀምሮ ቢቈጠር 100 ዓመት ያህል ኖሮ ማለት ነው። ከ1949 ለውጥ በኋላም በሰፈሩ የቀረው የወታደር ግቢ በቻይና መንግሥት ተወሰደ። ከአሮጌዎቹ ሕንጻዎች ብዙዎቹ ዛሬም በቤጂንግ ቆመው ይታያሉ፤ በሩን ግን የሚጠብቀው የአገሩ ሰው ነው።

ከዚህ ታሪክ ሹማምንት፥ መምህራንና ተማሪዎች የሚቀስሙት ትምህርት አለ። ከኢትዮጵያውያን መካከል ለመንግሥት ሥራ፥ ለትምህርትና ለእንጀራ በሰው አገር የሚኖረው ቍጥሩ ብዙ ነው። ሰው በእንግድነት ሲኖር የገዛ ወገኑን ሰብስቦ፥ በገዛ ቋንቋው እየተጫወተ፥ የአገሩን ሰው በአሽከርነትና በሻጭነት ብቻ እያወቀ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል። ለዚህ የድንጋይ ግንብ አያስፈልግም፤ ቋንቋ አለመማር ራሱ ቅጥር ነው፤ ንቀትም ቅጥር ነው። እንዲህ የኖረ መልክተኛ ለላከው መንግሥት የሚጽፈው ደብዳቤ ቃሉ ያማረ ቢሆንም ዕውቀቱ የቅጥሩን ያህል ነው።

ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ሁሉ «የፔኪንግ ሽርሽር»ን ፈልገው እንዲያነቡ እንመክራለን፤ ከዚያም የላው ሼን መጻሕፍት ያስከትሉ። መምህራንም የቻይናን ታሪክ ሲያስተምሩ ከውሎቹ ቃል ጋር እነዚህን ሁለት ደራስያን አጣምረው ቢያቀርቡ ተማሪው ዓመተ ምሕረት ከመሸምደድ አልፎ ሰው ያያል። አን ብሪጅ ከውስጥ ሆነው የቅጥሩን ግድግዳ በታማኝነት ሥለውልናል፤ ላው ሼ ደግሞ ከውጭ የነበረውን ሕዝብ አሳይተውናል። አንዱን ብቻ አንብቦ ቻይናን አወቅሁ የሚል ሰው ግን በግማሽ መስኮት አገር ያየ ሰው ነው።